ሃሞክና የዝናብ ሸራ በጅማ ደን፦ ሥራው ከቤት ይጀምራል

ከጅማ ከተማ ወጥቶ በለጠ ጌራ በሚባለው ደን ዳርቻ ወይም በቡና ጥላ ዛፎች ሥር ሌሊቱን ለማሳለፍ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚቸግረው መሬቱ ነው። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ የዛፍ ሥር ይበዛበታል፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት በሚዘልቀው ረጅም የዝናብ ጊዜ ደግሞ ቀዩ ሸክላማ አፈር ውሃ ጠጥቶ ስለሚያድር ድንኳን የሚተከልበት ደረቅና ደልዳላ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። ዛፍ ግን ሞልቷል። በሁለት ዛፎች መካከል የሚወጠረው የጨርቅ ተንጠልጣይ አልጋ፣ ማለትም ሃሞክ፣ ከነዝናብ መከላከያ ሸራው ለዚህ አካባቢ የሚስማማው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተኛው ሰው ከጭቃውም፣ ከዛፉ ሥርም፣ በእርጥብ ወራት በደን ውስጥ በረድፍ ከሚጓዘው ገብረ ጉንዳንም ከፍ ብሎ ያድራል።

ዕቃው የመጣው ከሩቅ ነው። ስሙ የካሪቢያን ደሴቶች ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከታይኖዎች ቋንቋ በስፓኒሽ በኩል ወደ ሌሎች ቋንቋዎች የተሻገረ ሲሆን፣ አውሮፓውያን አልጋውን ያወቁት ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። መርሁ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጠፍር አልጋ ላይ ያደገ ሰው፣ የተወጠረ ነገር ክብደት ሲያርፍበት እንደሚረግብ፣ መሃሉም እንደሚጎደጉድ፣ ጭነቱም በመጨረሻ ወደ አልጋው ጠርዝና ቋሚ እንደሚተላለፍ ያውቃል። ሃሞክ ላይ የአልጋውን ቋሚ ቦታ የሚይዙት ሁለቱ ዛፎች ናቸው።

ሃሞክን አንድ ጊዜ ሞክረው የተዉት ሰዎች ወገብ ያጎብጣል፣ ከሥር ይበርዳል፣ ዝናብ ያስገባል ይላሉ፤ ለመወጠር ረጅም ጊዜ ይፈጃል ብለው የሚያማርሩም አሉ። እነዚህ ሁሉ ችግሮች ከዕቃው ይልቅ ከአወጣጠሩ የሚመነጩ ናቸው። ጊዜ የሚያባክነው ነገር በተለይ ደን ውስጥ በመሸ ሰዓት የሚደረግ መለካት ነው፤ ገመዱ ስንት ይርዘም፣ ሸራው የት ይታሰር፣ የትኛው ቋጠሮ ይያዝ እያሉ መወሰን። መለካት ያለበት ሁሉ ቤት ተለክቶ፣ መታሰር ያለበትም ሁሉ ቤት ታስሮ ከመጣ፣ በቦታው የሚቀረው ሥራ ዛፍ መምረጥና ገመድ ማጥበቅ ብቻ ይሆናል። ይህን ለማድረግ ግን የልኮቹን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ሃሞኩን ከዛፉ ጋር የሚያያይዘው የማንጠልጠያው ዘንበል ነው። አዲስ ሰው ሃሞኩን እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ቀጥ አድርጎ ይወጥረዋል፤ ቀጥ ሲል ደልዳላ የሚሆን ይመስለዋልና። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ማንጠልጠያው ከአግድም መስመር 30 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ሲወርድ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢተኛበት በእያንዳንዱ ማንጠልጠያ ላይ የሚያርፈው ውጥረት ልክ እንደ ሰውየው ክብደት 70 ኪሎ ነው። ዘንበሉ ወደ 15 ዲግሪ ዝቅ ቢል ውጥረቱ 135 ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ በ10 ዲግሪ 200 ኪሎ ያልፋል፤ በ5 ዲግሪ 400 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ክብደት ቁልቁል ይስባል፤ ያንን ክብደት የሚሸከመው ደግሞ ከገመዱ ውጥረት ውስጥ ሽቅብ የሚስበው ድርሻ ብቻ ነው። ገመዱ እየተጋደመ በሄደ መጠን ሽቅብ የሚስበው ድርሻ ስለሚያንስ፣ ያንኑ ሰው ለመሸከም ጠቅላላው ውጥረት እጅግ መብዛት ይኖርበታል። 60 ኪሎ የሚይዝ የቡና ጆንያ በአንድ ገመድ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ሁለት ብርቱ ሰዎች ከዳርና ከዳር ቢጎትቱ ገመዱ ረገብ እስካለ ድረስ ይይዙታል፤ ፍጹም ቀጥ እናድርገው ቢሉ ግን አይችሉም፣ ሌላ ሁለት ሰው ቢጨመርላቸውም አይችሉም።

ስለዚህ ከመጠን በላይ የተወጠረ ሃሞክ ገመድ የሚበጥስና ዛፍ የሚያጎብጥ ብቻ ሳይሆን ለመተኛትም የማይመች ነው፤ የጨርቁ ጠርዞች ተወጥረው ትከሻን ያጣብቃሉ፣ መሃሉ ጥልቀት ስለሚያጣም ተኚው በቀላሉ ይገለበጣል። ረገብ ያለ ሃሞክ ግን ለሰውነት ቦታ ይሰጣል። 30 ዲግሪን ያለ መሣሪያ ለመገመት አውራ ጣትን ሽቅብ፣ ጠቋሚ ጣትን በአግድም ዘርግቶ እጅን በማንጠልጠያው አንጻር መያዝ ይበቃል፤ ማንጠልጠያው ከአውራ ጣት ጫፍ ወደ ጠቋሚ ጣት ጫፍ የሚሄደውን መስመር ከተከተለ ዘንበሉ ለሥራው የሚበቃ ያህል ትክክል ነው።

ይህን በየጊዜው ከመገመት የሚያድን አንድ ነገር አለ፤ የልክ ገመድ ብዬ የምጠራው ነው። ከሃሞኩ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ከላይ በኩል የሚዘረጋ፣ የማይለጠጥ፣ ርዝመቱ የማይለወጥ ቀጭን ገመድ ሲሆን፣ ልኩም የሃሞኩ ጨርቅ ርዝመት 83 በመቶ ያህል ነው። የ3 ሜትር ሃሞክ ከሆነ የልክ ገመዱ 2 ሜትር ከ50 ይሆናል ማለት ነው። ይህ ገመድ አንድ ጊዜ ቤት ውስጥ ከታሰረ በኋላ ዛፎቹ ቢቀራረቡም ቢራራቁም የጨርቁ እርግበት አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህም በየሌሊቱ የሚገኘው እንቅልፍ አንድ ዓይነት ይሆናል። ተኚው ከተኛ በኋላ ገመዱን በሁለት ጣት ይዞ ሲያጎብጠው ጥቂት እሺ ካለ ዘንበሉ ደህና ነው፤ እንደ ክራር ክር ከጮኸ ማንጠልጠያዎቹ ከመጠን በላይ ስለተወጠሩ መርገብ አለባቸው፤ ተጣጥፎ ከወረደ ደግሞ መጥበቅ አለባቸው። ከዚህ ሁሉ ዕቃ ውስጥ ብዙ ጥቅም በትንሽ ዋጋ የሚሰጠው ይህ ገመድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ሰው የሚተወውም እርሱኑ ነው።

ከልክ ገመዱ ተነሥቶ የዛፎቹን ርቀትና የማሰሪያውን ከፍታ ማስላት ቀላል ነው። ዛፎቹ 4 ሜትር ከ50 ቢራራቁ፣ 2 ሜትር ከ50ውን ሃሞኩ ይይዘዋል፤ በየጎኑ 1 ሜትር ለማንጠልጠያው ይቀራል። በ30 ዲግሪ ዘንበል 1 ሜትር የሚሄድ ማንጠልጠያ 58 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ሰው መሃል ላይ ሲቀመጥ ጨርቁ ራሱ ከጫፎቹ በታች 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጎደጉዳል፤ መቀመጫው ደግሞ ከመሬት እንደ ወንበር 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ሦስቱ ሲደመሩ 1 ሜትር ከ83 ይሆናል፤ ይኸውም የአንድ ረጅም ሰው አናት ከፍታ ነው። ርቀቱ 6 ሜትር ቢሆን ከፍታው ወደ 2 ሜትር ከ30 ስለሚሄድ እጅ በደንብ አይደርስበትም፤ 3 ሜትር ከ50 ቢሆን ደግሞ በአገጭ ከፍታ፣ 1 ሜትር ከ54 ገደማ ላይ ማሰር ይበቃል። ስድስት መደበኛ እርምጃ የሚያህል ርቀት ያላቸው ዛፎች መፈለግ ብቻ ይህን ሁሉ ስሌት በቦታው ከማድረግ ያድናል። ከ45 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ መስቀል አያስፈልግም፤ ቋጠሮ ቢፈታ የሚወደቀው ከዚያው ከፍታ ነውና፣ ከሥርም ጉቶ ወይም ድንጋይ አለመኖሩን አስቀድሞ ማየት ይገባል።

ማንጠልጠያው ሰፊ ቀበቶ እንጂ ቀጭን ገመድ መሆን የለበትም። የዛፍ ምግብ የሚተላለፍበት ሕያው ክፍል ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ነው፤ በቀጭን ገመድ ላይ የሚያርፍ 70 ኪሎ ያንን ሽፋን ይጨፈልቀዋል፣ ዙሪያውን ከተጎዳም ዛፉ ሊደርቅ ይችላል። 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ቀበቶ ክብደቱን ስለሚያከፋፍለው ጉዳት አያደርስም። ከምን እንደተሠራም ማየት ያሻል፦ ናይለን ይለጠጣል፣ ሲረጥብ ይብሳል፣ ማታ በወንበር ከፍታ የተሰቀለውም ሃሞክ ሌሊት መሬት ሊነካ ይችላል፤ ፖሊስተር ግን እምብዛም አይለጠጥም። ለካምፕ የተሠራ ቀበቶ ያላገኘ ሰው የጭነት መኪና ዕቃ የሚታሰርበትን ሰፊ ቀበቶ ሊጠቀም ይችላል፤ በአውሮፓ ደረጃ በተሠሩት ላይ ሰማያዊ መለያ ጨርቅ ፖሊስተር መሆኑን፣ አረንጓዴው የናይለን ወገን መሆኑን፣ ቡናማው ፖሊፕሮፒሊን መሆኑን ያመለክታል። የሚሸከመው ክብደትም በዚያው መለያ ላይ ተጽፏል። ምስማር መምታት ግን በምንም ምክንያት ተገቢ አይደለም።

ዛፍ መምረጥ በጅማ ዙሪያ የራሱ ዕውቀት አለው። ዋንዛ፣ የአካባቢው ሰው በአፋን ኦሮሞ ወዴሳ የሚለው፣ ግንዱ ከጎለመሰ አስተማማኝ ነው፤ ሳሳ ወይም ሙካ አርባ የሚባለው የቡና ጥላ ዛፍም እንዲሁ። ጥድና ዝግባ ቢገኙ መልካም ናቸው። ግንዱ በእጅ ሲገፋ የማይነቃነቅ፣ ውፍረቱም ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ መሆን አለበት፤ በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ ጎን የሚያሳርፈው ስበት 60 ኪሎ ገደማ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። እንሰትና ሙዝ ዛፍ ይምሰሉ እንጂ ግንዳቸው የቅጠል ሽፋን ድርብርብ ስለሆነ አይሸከሙም። የቡና ዛፍ ላይ ደግሞ ማሰር ግንዱ ስለማይችል ብቻ ሳይሆን የሰው መተዳደሪያ ስለሆነም ነውር ነው። ግራቪሊያ በነፋስ ቅርንጫፉ ቶሎ ይሰበራል፤ ባሕር ዛፍም ቅርንጫፍ ይጥላል። ስለዚህ ዛፉ ምንም ይሁን ምን ከማሰር በፊት አንገትን ቀና አድርጎ ሽቅብ ማየት፣ የደረቀ ወይም ተሰብሮ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ካለ ቦታውን መልቀቅ የማይታለፍ ግዴታ ነው። የሚያፈራ ሾላ ሥር ያደረ ሰው ደግሞ ጎሕ ሲቀድ በወፍና በጦጣ ጫጫታ መነሣቱ አይቀርም።

ቦታውንም እንደ ዛፉ መመርመር ያስፈልጋል። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደ ሸለቆ ግርጌ ስለሚወርድ የተዳፋቱ ወገብ ከግርጌው ይሞቃል፤ የተዳፋቱ አናትና ከሌሎቹ በላይ የወጣ ብቸኛ ዛፍ ደግሞ ነጎድጓድ በሚበዛበት ወቅት የመብረቅ ስጋት አለባቸው። በጅማ አጠገብ ባለው የቦዬ ረግረጋማ ቦታ ጉማሬዎች ሌሊት ለግጦሽ ስለሚወጡ ከውሃው ዳር ርቆ ማደር ይገባል። ፈቃድ መጠየቅም የዝግጅቱ አካል ነው፤ ማሳ ከሆነ ባለቤቱን፣ በበለጠ ጌራ ደን ከሆነ ደግሞ ደኑን ከመንግሥት ጋር በጋራ የሚያስተዳድሩትን የነዋሪዎች ማኅበራት። ሲጠየቅ የሚከለክል ገበሬ እምብዛም አልገጠመኝም፤ ብዙ ጊዜ የትኛው ዛፍ እንደሚሻል የሚያሳየው ራሱ ነው።

አሁን ወደ ሸራው እንምጣ፤ በጅማ ዝናብ ውስጥ እንቅልፍን የሚወስነው እርሱ ነውና። ለ3 ሜትር ሃሞክ 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ሸራ ይበቃል፤ ሃሞኩ ከተሰቀለ በኋላ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚይዘው 2 ሜትር ከ50 ስለሆነ በየጫፉ 25 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይኖራል። በነፋስ የሚገፋ ዝናብ ለሚበዛበት ወር ግን በየጫፉ ግማሽ ሜትር የሚያተርፈው የ3 ሜትር ከ50 ሸራ ይመረጣል። በገበያ በርካሽ የሚገኘው የፕላስቲክ ሸራ ውሃ አያስገባም፤ ይከብዳል፣ በነፋስም ይንኳኳል፣ ሆኖም ለጀማሪ በቂ ነው። ቀላሉ የናይለን ሸራ ሲረጥብ ስለሚረግብ ከተወጠረ ግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና መጥበቅ ይፈልጋል፤ ፖሊስተር ይህ ችግር ያንስበታል።

ሸራው የሚያርፍበት የአናት ገመድ ከሃሞኩ ማንጠልጠያ የተለየ መሆን አለበት፤ ሃሞኩ ሰው በተገላበጠ ቁጥር ስለሚንቀሳቀስ ሸራው ከእርሱ ጋር ከታሰረ አብሮ እየተናጠ ይረግባል። ገመዱ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው በቀበቶው ከፍታ ወይም አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይዘረጋል። አናቱ 1 ሜትር ከ90 ላይ ሆኖ ጎኖቹ በ45 ዲግሪ ቢወርዱ፣ የ3 ሜትር ሸራ ጠርዝ ከመሬት 85 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ይህ ለጸጥተኛ ዝናብና ለማብሰያ ቦታ ጥሩ ነው። ማዕበል ሲመጣ ግን ጎኖቹን ወደ 60 ዲግሪ ማቆም፣ ከተቻለም የአናት ገመዱን ራሱን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሸራው ከተኚው ልክ ገመድ በላይ አንድ ስንዝር ያህል እስኪቀር ድረስ። በዚህ ጊዜ የአናት ገመዱ ከቀበቶው ጋር እንዳይፋተግ በግንዱ ሌላ ጎን በኩል እንዲወጣ ማድረግ ነው። ነፋሱ የሸራውን ሰፊ ጎን እንዲያገኘው ሃሞኩን ለነፋሱ አግድም መስቀልና የነፋሱን ወገን ጠርዝ ወደ መሬት ማስጠጋት ይገባል፤ ነፋስ በጫፍ በኩል ከገባ ሸራው ቦይ ሆኖ ዝናቡን ከራስጌ እስከ ግርጌ ያሳልፈዋል።

የሸራው ጎኖች የሚያዙባቸውን አውታርና ካስማ ከድንኳን እናውቃቸዋለን። ካስማው ጫፉ ወደ ሸራው፣ አናቱ ደግሞ ከሸራው ራቅ ብሎ እንዲያዘነብል ተደርጎ ይተከላል፤ አውታሩና ካስማው ማዕዘናቸው ቀጥ ያለ ሲሆን ስበቱን አፈሩ በሙሉ ይይዘዋል። በክረምት የጅማ አፈር እርጥብና ለስላሳ ስለሆነ አጫጭር የብረት ካስማዎች ይነቀላሉ፤ ከወደቀ ቅርንጫፍ የተጠረበ የ30 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ካስማ ይሻላል። በአውታሩ መሃል ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ አንድ ቁራጭ ማስገባት ሁለት ጥቅም አለው፦ የነፋስን ድንገተኛ ምት ያለዝባል፣ ሸራው ሲረግብም በራሱ መልሶ ያጠብቀዋል።

ቋጠሮን በተመለከተ ሦስት ያህል ማወቅ ይበቃል፤ በጨለማና በእርጥብ ጣት መሥራት እስኪቻል ድረስ ቤት ውስጥ መለማመድ ግን ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የቡና መኪና የሚጭኑ ረዳቶች ዕቃ የሚያጠብቁበት ነው፦ በገመዱ ላይ የሸምቀቆ ዓይን ይሠራል፣ ጫፉ ዛፉን ዞሮ ተመልሶ በዓይኑ ውስጥ ያልፋል፣ ወደ ኋላም ሲጎተት ጉልበትን ያበዛል። የአናት ገመዱ የሚጠብቀው በዚህ ነው፤ መጨረሻውም በአንድ ስበት የሚፈታ ቋጠሮ ይሁን። ሁለተኛው ቀጭን የገመድ ቀለበት በአናት ገመዱ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ የሚሠራ ሲሆን፣ ሲሳብ ነክሶ ይይዛል፣ በጣት ሲገፋ ይንሸራተታል። የሸራው ሁለት ጫፎች በእንዲህ ዓይነት ቀለበቶች ላይ ሲታሰሩ፣ ዛፎቹ ምንም ያህል ቢራራቁ ሸራውን በሃሞኩ ትክክለኛ መሃል ላይ ማድረግ የሁለት እጅ ሥራ ብቻ ይሆናል። ሦስተኛው በራሱ አውታር ላይ ተጠምጥሞ ላላና ጠበቅ የሚደረገው የድንኳን ቋጠሮ ነው።

ቅደም ተከተሉ የሚጀምረው ከአስተሻሸጉ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው መጨረሻ መታሸግ አለበት፤ ስለዚህ ሸራው ከከረጢቱ አናት ላይ፣ ሃሞኩ ከሥሩ ይሆናል። አንድ የሐምሌ ማታ በማላውቀው ቡና ማሳ ውስጥ ሃሞኬን አስቀድሜ ሰቅዬ ሸራውን ከከረጢቱ ግርጌ ስፈልግ ዝናቡ ቀደመኝ፤ ያን ሌሊት በእርጥብ ጨርቅ ውስጥ ተቀምጬ አነጋሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ጥርት ቢልም ሸራ ሳይዘረጋ ሌላ ዕቃ አላወጣም። ከሸራው በኋላ ያለው ሁሉ በደረቅ ቦታ የሚሠራ ነው፤ ከረጢቱም ከሸራው ሥር ይቀመጣል። ሸራውን በረጅም ጠባብ የጨርቅ እጅጌ ውስጥ ከተው የሚይዙ ሰዎች አሉ፤ ሁለቱ ጫፎች ከእጅጌው ወጥተው በዛፎቹ ላይ ከታሰሩ በኋላ እጅጌው ወደ አንድ ጎን ሲሳብ ሸራው መሬት ሳይነካ ይገለጣል። አውታሮቹ ደግሞ በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት መካከል ስምንት ቁጥር እየሠሩ ከተጠቀለሉ ሲፈቱ አይወሳሰቡም፤ በእጅ ዙሪያ ብቻ የተጠቀለለ ገመድ ግን ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ሆኖ ባለቤቱን ያስመሻል። እያንዳንዱ አውታር ከሸራው ጋር እንደታሰረ ይቆይ፤ መፍታት የሚያስፈልገው ነገር የለም።

ሸራው ከቆመ በኋላ ቀበቶዎቹ ይታሰራሉ፣ ሃሞኩ በብረት መንጠቆ ይያያዛል፣ ዘንበሉ በእጅ ይለካል፤ ከዚያም በሁለት እጅ ተጭኖ፣ ቀስ ብሎ መሃል ላይ ተቀምጦ መሞከር ነው። ሲተኙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባለው መስመር ላይ ሳይሆን እግርን ከመሃሉ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አንድ ጎን፣ ራስን ወደ ሌላው ጎን አድርጎ በሰያፍ ዘወር ማለት ያስፈልጋል። ጨርቁ በርዝመቱ የጎደጎደ ስለሆነ በመሃል መስመሩ የተኛ ሰው እንደ ሙዝ ይጎብጣል፤ በሰያፍ የተኛ ግን ጨርቁን ወደ ጎን ገፍቶ ስለሚዘረጋው ጀርባው ይቃናል። የወገብ ቅሬታ መድኃኒቱ ይህ ነው። የእግር ጫፉን ማንጠልጠያ ከራስጌው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ማድረግም ሌሊት ወደ ግርጌ ከመንሸራተት ይጠብቃል።

ውሃ በሸራው ላይ ብቻ አይመጣም። ዝናብ በግንዱ ይወርዳል፣ ቀበቶውን ይይዛል፣ በቀበቶውም ላይ ተጣብቆ ቁልቁል እየተጓዘ ሃሞኩ ውስጥ ይገባል፤ ብዙ ሰው ሸራው ያፈሰሰ የሚመስለው በዚህ ነው። በቀበቶው ላይ፣ ከሸራው ጠርዝ በታች ባለው ክፍል፣ አንድ ስንዝር የምታህል የጥጥ ክር ወይም ሲባጎ አስሮ ቁልቁል ማንጠልጠል ይበቃል። ውሃው ወደ ክሩ ሲደርስ ቁልቁል የሚወስደውን አቋራጭ መንገድ ተከትሎ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ይህም ክር ቤት ውስጥ ታስሮ የሚመጣ ነው።

ብርዱ ደግሞ ከሥር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች በበጋ ወራት ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ ሃሞክ ውስጥ ደግሞ አየር በጀርባ ሥር ያልፋል። የሚያሞቀው በድርብ ውስጥ የታሰረው አየር ስለሆነ፣ ተኚው የተኛበት ብርድ ልብስ በክብደቱ ተጨፍልቆ አየሩን ያጣል፤ ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ ቢደረብም ጀርባ ይበርዳል። መፍትሔው የስፖንጅ ምንጣፍ ከሥር ማንጠፍ ወይም፣ ከዚያ የሚሻለው፣ ሳይጨፈለቅ ከሃሞኩ ውጪ ከሥር የሚንጠለጠል ልብስ ነው። ቡሉኮ ወይም ድርብ ጋቢ በአራት ማዕዘኑ ታስሮ ከሃሞኩ ጨርቅ ጋር ሳይራራቅና ሳይጣበቅ ቢንጠለጠል በደንብ ያገለግላል፤ ጥጥ ሲረጥብ ሙቀት ስለማይይዝ ግን ሸራው ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው መሆን አለበት።

አጎበርም አይቀሬ ነው፤ የወባ ትንኝ በዚህ ከፍታም አለችና። አጎበሩ በልክ ገመዱ ላይ ተጥሎ ከሃሞኩ ሥር ድረስ ዙሪያውን መዝጋት አለበት፤ ትንኝ በስስ ጨርቅ ውስጥ ከሥር ትነድፋለች። ምንጣፉ ወይም ከሥር የተንጠለጠለው ቡሉኮ ይህንንም ያግዳል። እሳት ከሸራው ሥር ማንደድ አይገባም፤ ናይለንና ፖሊስተር በፍንጣሪ ይቀልጣሉ።

ጠዋት ሲነሡ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ሃሞኩ፣ አጎበሩና ቡሉኮው በደረቁ ሸራ ሥር ታጥፈው ከረጢት ከገቡ በኋላ ቀበቶዎቹ ይፈታሉ፣ ሸራው የመጨረሻው ይሆናል። የአናት ገመዱ ከመፈታቱ በፊት ሸራውን በኃይል ማራገፍ ብዙውን ውሃ ያስወግዳል። እርጥብ ሸራ ከሃሞኩ ጋር በአንድ ከረጢት አይታሸግ፤ በፌስታል ለብቻው ተይዞ ቤት ሲደረስ በዚያው ቀን መሰቀል አለበት፤ በጅማ እርጥበት ተጠቅልሎ ከሁለትና ሦስት ቀን በላይ ከቆየ ይሻግታል፣ የስፌቱ ሽፋንም ይላጣል። ሸራው ተሰጥቶ ሲደርቅ አውታሮቹን አንድ በአንድ በስምንት ቁጥር መልሶ መጠቅለል፣ የተንሸራተተ ቀለበት ካለ ወደ ቦታው መመለስ፣ ቀበቶዎቹም የተላጠ ወይም የተበጠሰ ክር እንዳላቸው በጣት እየዳሰሱ ማየት ነው።